የሼህ ይመር ሦስት ሰላምታ

ሳያስተምር ሻይ እንኳ የማይጠጣ ሰው የሌለበት ሰፈር አሳዩኝ! ለንፋስ መውጫ ከተማ የደረሷት ክቡርነታቸው ሼህ ይመር ናቸው። ቁርኣን ቤታቸው፣ መድረሳው የገባ ልጅ ቁርኣን ይቀራል፣ እሱስ እሺ፤ ግን ከዚያ በፊት እንዴት እንደሚያስነጥስ፣ እንዴት እንደሚያዛጋ፣ ሌላው ተናግሮ እስኪጨርስ እንዴት አፉን እንደሚይዝ ይማራል። "መጀመሪያ አደብ!" ይላሉ፣ ጣታቸውን እያወዛወዙ።

አንድ ቀን የተሳፈሩበት ባጃጅ አንድ ሽማግሌን ሰላም ሳይል አለፈ። "የተሳፈረ ነው እግረኛን ሰላም የሚል! ተመለስ!" አሉ። ባጃጁ ዞሮ ሲመጣበት ሽማግሌው የሚያሳድዱት መስሎት እግሬ አውጪኝ አለ።

ተማሪያቸውን ረውዳን ግን ከሁሉም አብልጠው ያስጨንቋታል። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ድምጿ ከጉሮሮዋ ወጥቶ አያውቅም። ደጅ ያቆሟትና "ሰላምታ ስጪ፣ ማዶ ያለው ባለወፍጮ እስኪሰማሽ!" ይሏታል። ባለወፍጮው ወፍጮው ቆሞም ሰምቷት አያውቅም።

አዲስ የተከፈተ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ሲፈልግ ረውዳ አመለከተች። አባቷ ከታመሙ ወዲህ ቤቱ ተስፋውን የጣለው እሷ ላይ ነው፤ ይህ ሥራ ካመለጣት ሌላ የለም። የቃለ መጠይቁ ዕለት በሩ ላይ ቆማ በዚያች ድምጿ ሰላምታ ሰጠች። ዝም። ደገመች፣ ሠለሰች። ዝም። ቀስ ብላ ወደ መድረሳው ተመለሰች።

"እንዴት ሆነ?" አሉ ሼሁ።

"ሦስት ጊዜ ሰላም ብዬ አስፈቀድኩ፤ የሚመልስልኝ አጣሁ።"

"እና?"

"ሦስቴ አስፈቅዶ መልስ ያጣ ሳይከፋው ይመለስ ብለውን የለ? ተመለስኩ።"

"ያ ረቢ! እሱማ የሰው ቤት ሲሆን ነው! አንቺ እኮ ተጠርተሽ ነው!"

እየጎተቱ ይዘዋት ሄዱ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የገዛ ቤታቸው እንኳ ሳያስፈቅዱ የማይገቡት ሼህ ይመር፣ የክሊኒኩን በር በትከሻቸው ገፍተው ዘው አሉ።

"አውፍ በሉኝ! ጥፋቱ የኔ ነው! ይህች ልጅ አደቧ በዝቶ ነው የቀረችው። ስለ ትዕግሥቷ ብነግራችሁ..."

ነገሯቸው እንጂ! ከትዕግሥቷ ወደ ትሕትናዋ፣ ከትሕትናዋ ወደ ታማኝነቷ ሲሻገሩ፣ የጠያቂዎቹ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሐረገ ወይን ሰዓታቸውን አዩ። ረውዳ ይህን ስታይ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች።

"ሼሃችን!"

ድምፁ የራሷ መሆኑን ማመን ለእሷም ቸገራት።

"አላህ ይስጥልኝ። አሁን ግን እባክዎ ውጭ ይጠብቁኝ። የተጠራሁት እኔ ነኝ፤ እኔው እናገራለሁ።"

ሼህ ይመር አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። ወጡና በሩን በቀስታ ዘጉት።

ወይዘሮ ሐረገ ወይን ሳቃቸው አመለጣቸው። "በይ ተቀመጪ ልጄ" አሉ፤ "አንድ በሽተኛ አጅበው ለሚመጡ አሥር ዘመዶች ሳያስቀይም 'ውጡ' የሚል ሰው ነበር የቸገረን።"

ረውዳ አፏን ከመክፈቷ በፊት ከበሩ ውጭ የሼሁ ድምፅ ተሰማ። የክሊኒኩን ጥበቃ ጓዴን ይዘውታል፤ ሳቅና ለቅሶው ተደባልቆባቸዋል።

"ጓዴ፣ ሰማህልኝ? አስወጣችኝ እኮ! እኔን፣ ከነጥምጣሜ!"