የዶክተር ተረፋ ጉርሻ

ለሥልጠና ሄዶ የተመለሰ ሐኪም እንደ ድሮው ሆኖ አይመለስም። አንዱ ጫማ ይቀይራል፤ አንዱ «እኛ በሠለጠንንበት ሆስፒታል» ሳይል ጨው እንኳ አቀብሉኝ አይልም። የነቀምቴው ጎረቤቴ ዶክተር ተረፋ ግን አዲስ አበባ የጨጓራና የአንጀት ካንሰር ክፍል ተመድቦ ስድስት ወር ሲሠለጥን ከርሞ ይዞ የመጣው ጉርሻ ነው።

አዎ፣ ጉርሻ። ድሮ ሰርግ ላይ ጥግ ይዞ በልቶ ውልቅ የሚል ዝምተኛ ነበር። ከሥልጠናው መልስ ሊቀ አጉራሾች ሆኖ ቁጭ አለ። ሰርግ አይቀረው፣ ክርስትና አይቀረው። እጁን እስከ ክርኑ ይታጠብና ወጥ ባልነካው ደረቅ እንጀራ ጥብስ ጠቅልሎ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ሁሉ እየዞረ ያጎርሳል። አጉርሶም አይሄድም። የጎረሰውን ሰው ጉሮሮ ትክ ብሎ እያየ በሁለት ቋንቋ ይጠይቃል፤ «ቡኤ? ወረደ?»

ከተማው ለምርጫ ሊወዳደር ነው አለ። ወይዘሮ ድንቅነሽ ልጃቸውን ለትዳር ሊጠይቅ መስሏቸው ሦስቴ ጎርሰው ሦስቴ መረቁት። እኔማ ገና ሳላኝክ «ወርዷል» እያልኩ አመልጠው ነበር።

ምስጢሩ የወጣው ከዲጋ ወረዳ መጥታ እሱ ዘንድ ለልምምድ የተመደበችውን ወጣት ሐኪም፣ ዶክተር ሊሊሴን፣ ሰርግ ለሰርግ ይዟት መዞር ሲጀምር ነው። «የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሲጀምር ሰው ሆስፒታል አይመጣም» ይላታል፣ «በውሃ እያወረደ ይደብቀዋል። እኛ ዘንድ ሲመጣ ውሃውም አልወርድ ብሏል። ስለዚህ እኛ እንሄድለታለን።» እሷም ድግስ መሀል ማስታወሻ ትይዛለች። እንዲህ ያለ ልምምድ የት አገር አለ እያልኩ ስቄባቸዋለሁ።

አምና ጥር ላይ አባቴ አቶ ዋለ ለጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ከጊዳ አያና መጡ። አባቴ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ወለጋ የገቡ ናቸው፤ የቀረበ ምግብ እምቢ ማለት ነውር ነው እሳቸው ዘንድ። ዶክተር ተረፋ አጎረሳቸው።

«ቡኤ? ወረደ?»

«ወርዷል። ዕድሜ ይስጥህ ልጄ።»

ዶክተሩ ወደሚቀጥለው አለፈ። ሊሊሴ ግን ቆማ ቀረች። ከዚያ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«አባ ኮ፣ አባቴ፣ ውሃውን ሁለቴ የጠጡት ለምንድን ነው?»

«ጠምቶኝ ነው አንቺዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጠማዎት?»

አባቴ ጎንበስ አሉ። «ከመስቀል ወዲህ» አሉ ቀስ ብለው።

አራት ወር። ለምን እንዳልነገሩን ስጠይቃቸው፣ «በሰባ ሰባት ጉሮሮ እያለኝ እህል ጠፋ» አሉኝ። «ዛሬ እህል ሞልቶ ጉሮሮዬ እምቢ አለ ብዬ ለማን ልናገር?»

ሰኞ ሐኪሞቹ ካሜራ ያለውን ቱቦ በጉሮሯቸው አስገብተው አዩ። ካንሰር ነበር፤ ግን ገና ጀማሪ። ዶክተር ተረፋ እዚያው በሠለጠነበት ሆስፒታል ላሉ መምህራኑ ደውሎ ቀጠሮ አስያዘ፤ አባቴም በወሩ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ወደ አዲስ አበባ በተነሣንበት ጠዋት ከሊሊሴ ጋር መናኸሪያ ድረስ ሸኘን። እኔ ሳመሰግነው ወደ ሊሊሴ ዞሮ፣ «እኔ አልፌያቸው ነበር። ገለቶሚ» ብሎ አመሰገናት። እኔ እንኳ እስከ ዛሬ የማመሰግንበት ቃል አላገኘሁም፤ የእኔ ምስጋና ሰርግ በተጠራሁ ቁጥር ሳልሸሽ አኝኬ መዋጥ ብቻ ሆኗል።

ዘንድሮ ለፋሲካ አባቴ ሁለቱን ሐኪሞች ቤታችን ጋበዙ። እሳቸው አሁን የሚበሉት ጥቂት ጥቂት ነው፤ ግን ያለ ውሃ ይወርዳል። እጃቸውን ታጠቡና ወጥ ባልነካ እንጀራ ሥጋ ጠቀለሉ። መጀመሪያ ሊሊሴን አጎረሱ። ከዚያ ዶክተር ተረፋን አጎረሱና ጉሮሮውን ትክ ብለው እያዩ ጠበቁ።

«ቡኤ? ወረደ?»

ዶክተሩ ዓይኑ በደስታ እንባ አቅርሮ በእጁ ውሃ ጠየቀ። አቀበልነው።

ሊሊሴ ቆጠረችለት። ሁለቴ ጠጣ።