የጭራቅ ጥርስ ለክቡር ዳኛ

ለሰፊው አንባቢ ሁሉ ይታወቅ! ቁመታቸው ከአውራ ጣት የማያልፍ፣ ብዛታቸው ግን የአንድ መንደር ሕዝብ የሚያህል ጭራቆች፣ ዘንዶዎች፣ ባለ ጢም ድንኮችና ጭንቅላታቸውን በብብታቸው የያዙ አጽሞች የበላይ አዛዥ፤ የምግብ ጠረጴዛ ድል አድራጊ፤ የባለ ሦስት ፀጉር ብሩሽ ብቸኛ ጌታ የሆኑት ክቡር ጄኔራል፣ በዛሬው ዕለት የአንድ ጭራቅ ግራ ዓይን ቀብተው መጨረሳቸውን በታላቅ ኩራት እናበስራለን። ቀኝ ዓይኑ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀባል። እስከዚያው ሕዝቡ ሳይደናገጥ የዕለት ተግባሩን ይቀጥል።

ጄኔራሉ የእህቴ ባል ነው። ጦር ሜዳ ቀርቶ የጎረቤት ጭቅጭቅ ሲነሳ በጓሮ በር ሹልክ የሚል ሰው ነው። ማዕረጉን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ለስድብ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው።

እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም የሚል ካለ ዘመድ የሌለው መሆን አለበት። የሰው ልጅ እኮ በሁለት ይከፈላል፤ ጣሪያው ሲያፈስ መሰላል ፍለጋ የሚሮጥና፣ ጠብታው የቀባው ዘንዶ ላይ እንዳያርፍ ጃንጥላ የሚዘረጋ። እናታችን ነፍሷን ይማረውና፣ እህቴን "ልጄ፣ የቀለም ሰው አግቢ" እያለች ትመክራት ነበር። የተማረ ማለቷ ነው። እህቴ ቃሉን እንደወረደ ወሰደችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግራጫ የፕላስቲክ ምስሎች በካርቶን ታሽገው ይመጣሉ፤ እጃቸው ለብቻ፣ እግራቸው ለብቻ፣ ጎራዴያቸው ለብቻ። ጄኔራሉ እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ ሙጫው ከድቶት ከራሱ ጣት ጋር ካላጣበቃቸው ማለት ነው። ከዚያ በማጉያ መነጽር አጎንብሶ ይቀባቸዋል። ከዚያስ? ከዚያማ መደርደሪያ ላይ ይቆማሉ። በቃ። አንድ ቀን "ለመሆኑ ይሄ ጦር የሚዋጋው መቼ ነው?" ብዬ ጠየቅሁት። በሐዘኔታ አየኝና "ገና ዝግጁ አይደሉም" አለኝ። በዓለም ላይ እንደዚህ ጦር ሰላም ወዳድ ሠራዊት አይገኝም።

ሰላም ወዳድ ይሁን እንጂ ግዛት ማስፋፋቱን አልተወም። መጀመሪያ መደርደሪያውን ያዘ፣ ቀጥሎ የመስኮቱን ደፍ፣ በመጨረሻ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሰፈረ። ቤተሰቡ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ መብላት ጀመረ።

"አንተ ሰውዬ፣" ትላለች እህቴ፣ "የዛሬውን ሳህን የት ላሳርፈው?"

"ከጠንቋዩ በስተግራ። ካባውን ብቻ እንዳትነኪብኝ፣ እርጥብ ነው።"

ይህን ግፍ አይቼ ዝም አላልኩም። ወዲያው በራሪ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩ፦ "ጭቁኗ የምግብ ጠረጴዛ ከወራሪ ጦር ነጻ ትውጣ! ድል ለሰፊው ሳህን! ዘንዶው ይውደም!" በማግስቱ ብመጣ ጄኔራሉ ጽሑፌን አላነሳውም። በእያንዳንዱ ፊደል ሥር በቀጭኑ ጥላ ቀብቶበታል። "አማቼ፣ ጥላ የሌለው ነገር ሕይወት የለውም" አለኝ። ይህ አባባሉ ነው። ሲቀባም፣ ሲበላም፣ ለቅሶ ቤት ሄዶም ይለዋል። ከሁሉ የሚያናድደው፣ ዘንዶው ይውደም የሚለው መስመር እውነትም ተነሥቶ የሚሄድ መስሎ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ ሁለት ብርጭቆ አለ፤ በአንዱ ሻይ ይጠጣል፣ በሌላው ብሩሽ ያጥባል። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ አይደለም። አንድ ቀን ተናድጄ ስናገር ጉሮሮዬ ደረቀና አንዱን አንስቼ ጨለጥኩት። ምላሴ ለሳምንት አረንጓዴ ሆኖ ሰነበተ። የሚያውቁኝ ሁሉ "ቀድሞም መርዝ ነበር፣ አሁን ታየ" አሉ እንጂ አንድም ያዘነልኝ የለም። ጄኔራሉ ግን ከልቡ አዝኗል፦ "ያ እኮ የዘንዶ ቅርፊት ያጠብኩበት ነው! እንዴት ያለ ውሃ መሰለህ!"

እስካሁን የምስቅበት ሰው እንጀራው ምን እንደሆነ አልነገርኳችሁም። ጥርስ ይሠራል። በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጥርስ ላለቀባቸው ሰዎች ሰው ሠራሽ ጥርስ ከነድዱ ቀርጾና ቀብቶ ያወጣል። የክሊኒኩ ባለቤት የሆነው ዶክተር ከሰው ሁሉ አብልጦ ያምነዋል። ያምነው ነበር ብል ይሻላል።

ያን ሰሞን ጄኔራሉ በቤቱ የጭራቆቹን ንጉሥ አፍ እየቀባ ነበር። በሥራ ቦታው ደግሞ ጡረታ የወጡ አንድ ክቡር ዳኛ ሙሉ የላይኛ ጥርስ አዝዘዋል። እጅ ምን ያውቃል? ቤት የለመደውን ክሊኒክ ሄዶ ደገመው። በየጥርሱ ሥር ቡናማ ጥላ አኖረ፤ ጫፍ ጫፉን የዝሆን ጥርስ አስመሰለ፤ ክራንቻው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አሰመረበት፤ ድዱን አሁን ገና በልቶ እንደጨረሰ ሰው አጠቆረው። ክቡር ዳኛ መነጽራቸውን ረስተው ስለመጡ መስታወት ውስጥ ያዩት ብዥታ ብቻ ነበር። "ልክክ ብሏል" ብለው አመስግነው ሄዱ። ቤታቸው ደርሰው ፈገግ ሲሉ የልጅ ልጃቸው ቁም ሣጥን ላይ ወጣች።

ባለቤታቸው ጥርሱን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ዶክተሩ ጄኔራሉን አስጠራው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ጥርስ ነው፣ ዶክተር።"

"ጥርስነቱንማ አየሁ። የማን ነው?"

"የክቡር ዳኛ።"

"የክቡር ዳኛ ነው ወይስ ክቡር ዳኛን የበላቸው አውሬ ነው?"

ጄኔራሉ አንገቱን ደፍቶ "ትንሽ ጥላ..." ብሎ ጀመረ። ዶክተሩ አላስጨረሰውም። ጥርሱን እዚያው በመፍጫው ፈጭቶ፣ ነጭ ሌላ እንዲሠራ አዘዘ። ቀጥሎም ፍርዱን ሰጠ፦ "እጅህ አንድ ነው። ወይ ጥርስ ወይ ጭራቅ፤ ቤትህም ቢሆን። ምረጥ።"

እንጀራውን መረጠ፣ ምን ያድርግ። እህቴ ደግሞ ይህች አጋጣሚ እንዳታመልጣት በማለት እጁን አስነስታ አስማለችው፦ "በዚህ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ብሩሽ አልነካም በል!" እሱም አለ። ጦሩ ከነቀለሙና ከነብሩሹ በካርቶን ታሸገ። ይዞ የሚያስወግደው የታመነ ሰው ሲፈለግ፣ የጦሩ ቀንደኛ ጠላት ማን ነው ተባለ።

"ወንድም ጋሼ ውሰድልኝና የትም ጣልልኝ" አለችኝ እህቴ። ተሸክሜ ሄድኩ። ለጊዜው ብዬ አልጋዬ ሥር አስገባሁት።

ጠረጴዛዋ ነጻ ወጣች! በሚቀጥለው እሑድ እንደ ሰው ተደርድረን በላን። ጄኔራሉ እጆቹን እንደ ተዋሰው ዕቃ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል። የድል ቀን ነውና ልተርበው ጀመርኩ።

"እንዴት ነው ጄኔራል፣ ጡረታ ተስማማህ? ዕድሜህን የፈጀኸው በአሻንጉሊት ነበር እኮ።"

"ልክ ነህ" አለኝ።

"ያ ዘንዶህ ደግሞ ጎመን ነበር የሚመስለው።"

"እውነትህን ነው።"

ክቡራትና ክቡራን! ለአንድ ተሳዳቢ ከዚህ የከፋ ጥቃት የለም። ስድብ ወርውሬ የሚመልስልኝ አጣሁ። ጎመን መሰለ ያልኩትን ዘንዶ ቅርፊቱን አንድ በአንድ ሲቀባ አይቼዋለሁ፤ ጎመን አይመስልም።

በሥራ ቦታው የባሰ ሆነ። የሚሠራው ጥርስ ሁሉ የመታጠቢያ ቤት ሸክላ መሰለ፤ ንጹሕ፣ ነጭ፣ ሙት። ዶክተሩ እንዲህ ነው እንጂ እያለ ሲያሞካሸው፣ ክቡር ዳኛ ራሳቸው በሩን በርግደው ገቡ። ጥርሱን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ከዚያ መናገር እንደማይችሉ ትዝ ሲላቸው መልሰው አጠለቁት።

"የመጀመሪያውን መልሱልኝ" አሉ።

"ያ እኮ ስሕተት ነበር፣ ክቡር ዳኛ" አለ ዶክተሩ።

"ማን ጠየቀህ? ባለቤቴ ሳታማክረኝ ነው የመለሰችው። በዚያ ጥርስ አንዴ ፈገግ ስል ቤቱ ጸጥ ይል ነበር። ችሎት ላይ ያን ያህል ተደምጬ አላውቅም! በዚህኛው ግን ሳሙና የማስተዋውቅ ነው የምመስለው። ሰኞ እመጣለሁ። ካልደረሰ ሌላ ክሊኒክ አለ፤ ይህንንም ለማውቀው ሰው ሁሉ እናገራለሁ።"

የፊተኛው ዱቄት ሆኗል። ዶክተሩ ወደ ጄኔራሉ ዞረና "እንደዚያው አድርገህ ሥራ" አለው። ጄኔራሉ ሞከረ፤ ሸክላ ወጣ። ደግሞ ሞከረ፤ ሌላ ሸክላ። "እጄ እምቢ አለኝ፣ ዶክተር" አለ። "እንግዲያው ሰኞ እምቢ የማይል እጅ እፈልጋለሁ" አለው ዶክተሩ።

እህቴ እያለቀሰች ደወለችልኝ። "ወንድም ጋሼ፣ ከሥራ ሊያስወጡት ነው፤ ና እስኪ አንድ ነገር በለው።"

"ጭራቆቹን ብትመልሺለትስ?"

"እሱንማ እንዳታነሳው! መዘዙን ያመጡት እነሱ አይደሉም እንዴ? ደግሞ ጠረጴዛዬ ገና አሁን ሰው ሆነች።"

አሰብኩ። እሑድ ከሰዓት "በሬ አልዘጋ ብሎኛል" ብዬ ጠራሁት። መፍቻውን ይዞ ከተፍ አለ። ጠረጴዛዬ ላይ ከካርቶኑ ያወጣሁትን አንድ ጭራቅ አቁሜያለሁ፤ የቀባሁት እኔ ነኝ። አንድ ዓይኑ ጣሪያውን ያያል፣ ሌላው የራሱን አገጭ። አፉ ማርማላታ የገለበጠበት ሕፃን ይመስላል።

ጄኔራሉ አየው፤ ፊቱን አዞረ። በሩን ነካካ፤ ደግሞ አየው። ግንባሩ ላብ አወጣ።

"ማን ነው የቀባው?"

"እኔ ነኛ። ምነው?"

"አይ፣ ምንም።" መፍቻውን ወደቀኝ አዞረ፣ ወደግራ አዞረ። "አማቼ፣ ይቅርታ አድርግልኝና... ይሄ ጭራቅ ተሰድቧል።"

"ዓይኑ ነው?"

"ዓይኑስ ይሁን። ጥርሱ!"

"ጥርስ ነጭ ነው" አልኩ ዘና ብዬ። "ነጭ ቀባሁት። አለቀ።"

"ጥርስ ነጭ ነው?!" መፍቻውን ጣለው። ያ በጓሮ በር ሹልክ የሚል ሰው ከነጫማው ወንበሬ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው። "ጥርስ ነጭ ነው?! ጥርስ የኖረ ነገር ነው! የታኘከበት፣ የተነከሰበት፣ ንዴት የተዋጠበት ነው! ነጭ የሚሆነው ምንም ያልደረሰበት ነው! እንዲህ አድርገህ አፍ ውስጥ ሸክላ ደርድረህ... ስጠኝ!"

እጁ ብሩሹ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። "ምያለሁ" አለ።

በራሪ ጽሑፍ ላይ ያደግሁት እንዲያው አይደለም፤ ቃል ምን ያህል እንደሚለጠጥ አውቃለሁ። "ምን ብለህ ነው የማልከው? 'በዚህ ቤት ውስጥ' ብለህ አይደል? ይሄ ያ ቤት ነው?"

ግድግዳዬን አየ፣ ጣሪያዬን አየ። "አይደለም" አለ ቀስ ብሎ።

"እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ፣ አንተ ደደብ?"

"ደደብስ አንተ፣ ማርማላታ!" አለና ብሩሹን ነጠቀኝ። ስድብ መለሰልኝ! ዞር ብዬ አፍንጫዬን መናፈጥ ነበረብኝ፤ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

ያን ሌሊት ጄኔራሉ ክሊኒክ ገብቶ ጥርሱን ሲሠራ አደረ፤ ሰኞ ክቡር ዳኛ አዲሱን ጥርስ አጠለቁ። እጅ መስታወቱን አይተው ረክተው፣ ለሙከራ ያህል ወደ መጠበቂያ ክፍሉ ብቅ ብለው ፈገግ አሉ። ወረፋ ይጠብቁ ከነበሩት ሁለቱ ሕመሙ በድንገት ለቅቆናል ብለው ሄዱ። ዶክተሩ ጄኔራሉን ወደ ጥግ ሳብ አድርጎ፣ ለእኔም ለሠራተኞች ስብሰባ የምትሆን አንዲት የፊት ጥርስ ብቻ ብሎ ጠየቀው። ክልከላውም ተነሣ።

የእህቴ ክልከላ ግን ከነሙሉ ግርማው ጸንቷል። ስለዚህ ጦሩ ከአልጋዬ ሥር ወጥቶ ጠረጴዛዬን፣ መደርደሪያዬንና የመስኮቴን ደፍ ይዟል። ምሳዬን ቆሜ ነው የምበላው። እኔም በሠራዊቱ ውስጥ ተመድቤያለሁ፤ ጄኔራሉ ፊት አስነክቶኝ አያውቅም፣ ከጭራቆቹ እግር ሥር ያለውን ጭቃ ብቻ ነው የምቀባው። ባለፈው እሑድ አንዱን ጭቃዬን አንስቶ ለረጅም ጊዜ አየውና "ይሄኛው እግር ያስገባል" አለ። የሚያስገባ ጭቃ ለመቀባት ስንት ጊዜ እንደደከምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ጭቃ ባየሁ ቁጥር ቆሜ አጠናለሁ፤ ሰዎች ገንዘብ የጠፋኝ ይመስላቸዋል።

እህቴ እሑድ እሑድ ባሏን ትሸኝና "የወንድም ጋሼ በር ዛሬም አልተሠራም?" ትላለች። "የከረመ በር ነው" ይላታል። እስካሁን አምናለች። ችግሩ ግን እህቴ ይህን መጽሔት አትገዛም፤ በየወሩ ከጎረቤቷ ትዋሳለች፣ የእኔን ጽሑፍ ደግሞ ከሁሉ አስቀድማ ነው የምታነበው። ስለዚህ አንተ እስካሁን በእኛ ስትስቅ የቆየኸው አንባቢ፣ ያ ጎረቤት አንተ ከሆንክ፣ ከመስጠትህ በፊት እባክህ ይህችን ገጽ ብቻ ድምፅ ሳታሰማ ከሥሯ ያዝ አድርገህ...