የእንቁላሉ መርዶ

የሰው ልጅ ተከድኖ የተቀመጠ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ድስት ከሆነ ከፈት አድርጎ ያሸታል፤ ፌስታል ከሆነ በዓይኑ ይመዝናል፤ እርጉዝ ሴት ካጋጠመችው ደግሞ «ወንድ ነው ሴት?» ሳይል ሰላምታውን አይጨርስም። ድሮ መልሱ የሚመጣው በጊዜው ነበር። አሁን ዕድሜ ለመብራትና ለመሣሪያ፣ ያልተወለደው ሁሉ ሳይወለድ ይታያል። ይታይ፣ ማን ከለከለ! እኔን የሚያስጨንቀኝ ካዩ በኋላ ያለው ነገር ነው። ያዩትን ማን ይናገር? በዚህ በኩል እኛ ጉደኞች ነን። ሐኪሙ ለወንድም ይነግራል፣ ወንድም ለአክስት ያንሾካሹካል፣ ሰፈሩ በሙሉ አንገቱን ይደፋል፤ በሽተኛው ብቻ «ትንሽ ብርድ ነው» ተብሎ አጥሚቱን ይጠጣል። እናንተም አድርጋችሁታል፤ አትካዱ። ሞትንም ቢሆን በአፋችን አንናገረውም። ሰው ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፣ በር ይንኳኳል። በሩን የከፈተው ሰው ፊታችንን ያይና የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።

እኔ የምኖረው ቃሊቲ ነው፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የጣሪያችን ቆርቆሮ በሚንቀጠቀጥበት በኩል። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ እትዬ ሙላቷ ይባላሉ። ባለቤታቸው ጋሽ ይልማ በፈትል ፋብሪካ መካኒክነት አርጅተው ጡረታ የወጡ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሆስፒታል ገቡ፤ እትዬ ሙላቷ ልብስ ሊቀይሩ ወደ ቤት በመጡበት ሌሊት እዚያው አረፉ። ጠዋት በሩን አንኳኩተው ያረዷቸው የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ደምሴ ናቸው። የሰፈሩን መርዶ ሁሉ የሚያረዱት እሳቸው ስለሆኑ፣ ጋሽ ደምሴ ለሰላምታ ሲመጡ እንኳ ሰው በሩን የሚከፍተው እየፈራ ነው።

እትዬ ሙላቷ ያን ቀን አላለቀሱም። ሦስተኛውም ቀን፣ ሰባተኛውም አላለቀሱም። እንግዳ ሲያስተናግዱ፣ ወንበር ሲያቀብሉ፣ «ብሉ እንጂ» ሲሉ ከረሙ። ሰው መቼም አይተኛ፤ ያንሾካሹክ ጀመር። ባለቤቴ ሮማን ግን «ያልፈሰሰ እንባ ሆድ ውስጥ ይመርራል፤ እኔ የምፈራው ለእሳቸው ነው» ትለኝ ነበር።

ጋሽ ይልማ ትተው የሄዱት አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮና አንድ አውራ ነበር፤ አውራውን ሻለቃ ብለውታል። ጠዋት ጠዋት እሱ ሲጮህ እሳቸው ከውስጥ «አቤት ጌታዬ!» ይሉና ይነሳሉ። ለሌላ ሰው ቀን ሙሉ የማይናገሩትን ለሻለቃ ይነግሩታል። አርባው የዋለው የሐዋርያት ጾም እንደተፈታ ነው። ከገጠር የመጡት የጋሽ ይልማ ወንድም ሐዘንተኛዋን ላግዝ ብለው በማለዳ ተነሡና፣ ግቢው ውስጥ ያገኙትን አውራ አርደው አስረከቡ። እትዬ ሙላቷ ያወቁት ላባውን ሲያዩ ነው። የመጣው ሁሉ ወጡን እየበላ አጽናናቸው።

ከዚያ በኋላ ሮማን «ከሳሪስ አቦ ገበያ ሌላ አውራ እንግዛልዎት» ብትላቸው «ሌላ አውራ መች ጠፋ» አሉ። ነገሩ ከነከነኝ። እኔ ስለ ዶሮ የማውቀው በስልኬ ካየሁት አያልፍም፤ እንዲያውም ያየሁትን ለሰው ካልነገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። እና አንድ ቀን፣

«እትዬ» አልኳቸው፣ «አውራው ቢሄድም ዘሩ ዶሮዋ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል ይላሉ። ሰሞኑን የጣለችው እንቁላል የሻለቃ ሊሆን ይችላል።»

«ከሄደ በኋላም?»

«ከሄደ በኋላም።»

«አንድ ወንድ ብቻ ይፈልፈልልኝ» አሉ። «ይልማ ይሰማው የነበረውን ድምፅ ጠዋት ጠዋት ልስማ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ያጠራቀሟቸውን እንቁላሎች ገለባ ባነጠፉበት ቅርጫት ደርድረው ዶሮዋን አስታቀፏት። ነጎድጓድ እንቁላል ያበላሻል ስለሚባል ከገለባው ሥር አንድ የዛገ ምስማር ሸጎጡ። ሳምንት ሲሞላ እኔ የስልኬን መብራት ይዤ ለምርመራ ቀረብኩ። ለዚህ ሥራ ጨለማ ያስፈልጋል፤ ጊዜው ግን እኩለ ቀን ነው። ስለዚህ የጋሽ ይልማን ጋቢ ተከናንቤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና እንቁላሎቹን አንድ በአንድ፣ ወፍራም ጫፋቸውን መብራቱ ላይ እያሳረፍኩ ማየት ጀመርኩ። እትዬ ሙላቷ ዶሮዋን አቅፈው ከጋቢው ውጭ ናቸው። «እኔ አላይም፤ የእኔ ዓይን አይረፍባቸው» ብለዋል።

የመጀመሪያዎቹ ከዳር እስከ ዳር ወለል ብለው በሩ። ባዶ ናቸው። ቀጥሎ ያነሳሁት ግን ሌላ ነበር። መሐሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ አለች፤ ከእሷ ዙሪያ ቀጫጭን ቀያይ ክሮች ተበትነዋል። ነጥቧ ትር ትር ትላለች።

«አለ?» አሉኝ ከውጭ።

«አለ!»

«እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!»

አራት እንቁላል ላይ ዘር አገኘን። ባዶዎቹን አወጣን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አበው የትኛው እንደሚሄድና የትኛው እንደሚቀር አለመናገራቸው የታወሰኝ በሁለተኛው ምርመራ ነው። በመሐሉ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ዶሮዋ ደንግጣ ተነሥታ ይሁን፣ ብርዱ ይሁን፣ ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላወቅንም። እንደገና ጋቢውን ተከናንቤ መብራቱን ሳበራ ቀያዮቹ ክሮች የሉም። ውስጡ ያለው ጥቁር ነገር እንቁላሉን ሳዘነብል አብሮ ይንከባለላል እንጂ ራሱ አይንቀሳቀስም። አንዱን አየሁ፣ ሌላውን አየሁ፣ አራቱንም አየሁ።

«እንዴት ናቸው?» አሉኝ።

«ነገ በደንብ እናያቸዋለን» አልኩና ወጣሁ። የአገሬ ልጅ ነኝ፤ ሌላ ምን ልበል?

ሮማን ስነግራት ተቆጣች። «ዛሬ ነገ ስትል ይገማል! አንዱ ቢፈነዳ ዶሮዋም ትታመማለች። እሳቸው ደግሞ ለጫጩት ብለው ጥሬ ከክተው ነው የሚጠብቁት!» እውነቷን ነው። ግን ማን ይንገራቸው? ጋሽ ደምሴን አማከርናቸው። «ሴትዮዋ ሐዘንተኛ ናት፤ ብቻህን አትሂድ። እንዲህ ያለው ነገር ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው» አሉ። እኔና ሮማን ለታክሲ ሰልፍ ማልደን ስለምንወጣ በጠዋት ይሁን ተባለ። ነሐሴ ነው፣ ይበርዳል፤ እኔ ጋቢ ደረብኩ፣ ሮማን ነጠላዋን ተከናነበች፣ ጋሽ ደምሴም ጥቁር ባርኔጣቸውን አደረጉ። ሦስት አዋቂ ሰዎች ነን፤ ምን እንደምንመስል አንዳችንም አላሰብንም።

እትዬ ሙላቷ በሩን ከፈቱ። ሮማንን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከኋላችን ጋሽ ደምሴን አዩ።

«ብሩክን!» አሉ። «ልጄን! ኡኡ! ልጄን!»

ብሩክ አንድ ልጃቸው ነው፤ ጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። እኛ ገና አፋችንን ሳንከፍት ጋሽ ደምሴ ደንግጠው አፋቸው የለመደውን ተናገሩ፦ «እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

በቃ! እትዬ ሙላቷ ደረታቸውን እየደቁ ጭቃው ላይ ወደቁ። የሰፈሩ በር ሁሉ ተከፈተ፤ ነጠላ ያነሳ በነጠላው፣ ያላነሳ በፒጃማው መጣ። አንዱ «ድንኳኑን እናምጣ?» ይለኛል። «ማንም አልሞተም!» ብል ማን ይስማኝ? ሮማን ናት ብልሃት ያገኘችው። ብሩክ ጋ ደወለችና ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፈችው።

«አለህ?» አሉ።

«አለሁ እማዬ፤ አዋሽ ነኝ። ምነው በጠዋቱ?»

ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንፋሹን አዳመጡ። ከዚያ ቀና ብለው አዩን። «ታዲያ ማነው የሞተው?»

ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ እኔ ዞረ።

«እንቁላሉ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«የትኛው?»

«ሁሉም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ግን ዝም አለ፤ እትዬ ሙላቷ አልሳቁማ። ተነሥተው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አሉ። «ይልማዬ» አሉ፤ «ይልማዬ፣ አንዱ እንኳ?» ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ለቅሶ አልረሳውም። ከግንቦት ጀምሮ የታፈነው ሁሉ ወጣ። ለእንቁላል ነው ብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ከበቧቸው፤ እኛም እንደቆምን አለቀስን። የታክሲውም ሰልፍ ቀረ፣ ሥራውም ቀረ።

ፀሐይ ወጣ ስትል እትዬ ሙላቷ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ጋሽ ደምሴን ፈለጓቸው። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

«ደምሴ» አሉ፣ «ያን የግንቦት ጠዋትም በሬን ስታንኳኳ እንቁላሉ ነው ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ጋሽ ደምሴ ስንቱን ቤት ያረዱ ሰው ናቸው፤ ይህን ጊዜ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ደጃፉ ላይ ከአጠገባቸው ተቀመጡ።