ለቅሶ ያልተደረሰው ገዥ

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እንጅባራ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ አስረስ የሚባል የቀርከሃ ወንበር ሠሪ ሲፈልገው የከረመውን ገዥ አጠገቡ አግኝቶ ስለ ወንበር አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወጣ። ለዘገባ ተልኬ ስለነበር የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ዝግጅቱ «የነጋዴዎች የትውውቅ መድረክ» ይባላል። እኛ አገር ለትውውቅ መድረክ ያስፈልጋል ያለው ማን እንደሆነ እንጃ። ከእንጅባራ ዳንግላ በሚኒባስ ብትሄዱ ጎናችሁ የተቀመጠው ሰው የማን ልጅ እንደሆናችሁ፣ ስንት እንደወለዳችሁና ለምን እንደከሳችሁ ጠይቆ ይጨርሳል። ሥራችሁን ግን ሳይጠይቅ ሊወርድ ይችላል። ከባሕር ዳር የመጣችው ወጣት አሠልጣኝ ልታቃና የተነሳችው ይህንኑ ነው።

«ስም፣ ሥራ፣ ስልክ!» አለች። «ሦስቱን ተናግራችሁ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ። የቤተሰብ ወሬ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።»

ምክሩ ክፉ አልነበረም። ጣጣው የመጣው ጠረጴዛ መቀያየሩ ላይ ነው። እዚህ መጪን ተቀምጦ መቀበል ነውር ነው። ደወል በተደወለ ቁጥር ተቀማጩ «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል፤ መጪው «በእግዜር! ኧረ በሞቴ ተቀመጡ!» ይላል፤ «እርስዎ ሳይቀመጡማ አይሆንም!» ይባላል፤ ሁሉም ወገቡን አጥፎ ሊቀመጥ ሲል ደወል። ከአዲስ ቅዳም የመጣ አንድ ከሰል ነጋዴ «እኔስ ከተዋወቅሁት ሰው ይልቅ የተነሳሁት በለጠብኝ» ሲል ሰማሁት።

አስረስ ለቀልድ ጊዜ አልነበረውም። ክረምት ሲገባ ቀርከሃ አይደርቅም፣ ገዥም ከቤቱ አይወጣም። ከዚያ በፊት ጠቀም ያለ ትእዛዝ ካላገኘ አብረውት የሚሠሩትን ወንድሞቹን በትኖ የሥራ ቤቱን ሊዘጋ እንደሆነ ጠዋት በር ላይ ነግሮኛል። ከጫግኒ የመጡ አንድ ሐጂ ደግሞ አዲስ የእንግዳ ማረፊያ እየሠሩ ነው፤ ወንበር እንደሚፈልጉ አዳራሹ በሙሉ ያውቃል። ዕድል ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አገናኘቻቸው። አስረስ ጉሮሮውን ጠራረገ። ይኼኔ ከማዶ አንዱ «ሐጂ፣ አላህ ያጥናዎ» አላቸው።

አስረስ ክው አለ። «ምነው ሐጂ?»

«ታላቅ ወንድሜን ቀብሬ አሁን ሁለተኛ ሳምንቴ ነው።»

«አላህ ይዘንላቸው! ሳልሰማ! ሳልደርስዎ!»

«ምንም አይደል፣ የሩቅ ሰው ነህ።»

በቃ። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ሟቹ ሆነ፤ ምን እንዳመማቸው፣ ማን እንዳስታመማቸው። ደወሉ ሲደወልም አስረስ አልተነሳም። ሲወጣ አሠልጣኟ በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ጋሽ አስረስ፣ ገዥው እኮ አጠገብዎ ነበሩ! ምነው ዝም አሉ?»

«ልጄ፣ ለቅሶ ያልደረስሁትን ሰው ወንበር ግዛኝ እላለሁ? በየትኛው ዓይኔ!»

እኔም በዘገባዬ ሠሪና ገዥ ተገናኝተው ስለ ንግድ ሳይነጋገሩ እንደተለያዩ ጻፍሁ። እውነት ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ።

ሰኞ ዕለት አስረስ በእጁ የነበረውን ወንበር ሁሉ በጭነት መኪና አስጭኖ ጫግኒ ወረደ። ለሽያጭ አይደለም። ከሩቅ የሚመጣው ለቀስተኛ ገና ስላላለቀ፣ መቀመጫ እንዳያጥር ብሎ በውሰት ነው። ጸሎቱን ሰምቶ፣ የሚገባውን ያህል ተቀምጦ፣ ስለ ሥራው ትንፍሽ ሳይል ተመለሰ።

ሐምሌ ላይ በሥራ ቤቱ ሳልፍ አልተዘጋም። ሐጂ በውሰት የመጡትን መመለስ ቢያሳፍራቸው እነሱኑ ገዙ፤ ለማረፊያው ደግሞ ሌላ ጨምረው አዘዙ። ወንበሮቹ ላይ ተቀምጠው ያለቀሱ የዳንግላ ሰዎችም አዘዋል። ወንድሞቹ ቀርከሃውን በእሳት እያደረቁ ይሠራሉ።

«አስበህበት ነው?» አልሁት።

«አንተ ጋዜጠኛ፣ ለቅሶ ቤት ንግድ ይወራል እንዴ?»

«አይወራም።»

«እኔም አላወራሁም።»

አመንሁት። ደግ ሥራ ራሱ ይከፍላል ብዬ ልጽፍም አሰብሁ።

ነሐሴ ላይ ለሌላ ሥራ ጫግኒ ስወርድ በሐጂ ግቢ አለፍሁ። ወንበሮቹ ዝናብ እንዳያቁሩ ተገልብጠው ተደርድረዋል። ለለቅሶ ቤት የሚዋስ ዕቃ እንዳይጠፋ የባለቤቱ ምልክት ይደረግበታል፤ ይህ ያለ ወግ ነው። ለምልክት ግን ስም ብቻ ይበቃ ነበር። ከእያንዳንዱ መቀመጫ ሥር፣ ሲገለበጥ ከሩቅ እንዲነበብ በቀይ ቀለም የተጻፈው ስም፣ ሥራና ስልክ ነው።