ሌባ ያጣ ጨዋታ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ መርካቶ ወርጄ ነበር። የወረድኩትም ልሰረቅ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ የእውኑን ላስቀድም። እኔ የስልክ ጨዋታ የምሠራ ሰው ነኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ተከራይቼ ሰኞ ማክሰኞን ስልክ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ ያንን መሬት ላይ አስምረን በአንድ እግር የምንዘልበትን። ሁለት ሰው በሁለት ስልክ ነው የሚጫወተው። አንዱ ጠጠር ሲጥል ሌላው ተራውን ይጠብቃል። የኛ አገር ስልክ ደግሞ በር የሌለው ገበያ ነው፤ አንዱ የገዛውን ሰፈሩ ሁሉ ይቀባበለዋል። ትልልቆቹ የባሕር ማዶ ጨዋታ ሠሪዎች "ሌባ በበዛበት ሱቅ አንከፍትም" ብለው ፊታቸውን የሚያዞሩትም ለዚህ ነው። እኔ ታዲያ የተሰረቀ ቅጂ ይዞ የመጣውን ሁሉ ለይቶ የሚያባርር ቁልፍ ሠራሁ። ቁልፌን አይተው ትልልቆቹ ይመጣሉ፣ እኔም በነሱ ጥላ ሥር ሰው እሆናለሁ ብዬ ነበር። ትልልቆቹ አልመጡም። ትንንሾቹም አልመጡም። ጨዋታውን ስከፍተው "ተጋጣሚ በመጠበቅ ላይ" ይላል። እየበላሁ አየዋለሁ፣ ልብስ እያጠብኩ አየዋለሁ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ፤ ብቻውን የሚጫወተው ምን እንደሚሆን ግን የነገረኝ የለም።

እናም በሕልሜ መርካቶ ተገልብጣ ጠበቀችኝ። ገና ከታክሲ ስወርድ ጩኸት ሰማሁ።

"ያዘው! ያዘው! ከፋይ! ከፋይ!"

አንድ ጎልማሳ ደረሰኝ ጨብጦ በሰው መሀል ይሮጣል። ሁለት ፖሊሶች ደረሱበትና አንገቱን አንቀው ያዙት።

"ምን አድርጎ ነው?" አልኳት አጠገቤ የቆመችውን ሎተሪ አዟሪ።

"ለጨዋታ ሲከፍል እጅ ከፍንጅ ተይዞ! ያውም የልጆች አባት ነው አሉ። ትንሽ አያፍርም?"

ሰውዬው "የመጀመሪያዬ ነው፣ ጓደኛ አሳስቶኝ ነው" እያለ ያለቅሳል። የሚያዝንለት አልነበረም። እኔም ከፋይ መስዬ እንዳልታይ ጎንበስ ብዬ አለፍኩ።

ደምሰው ሱቅ ደረስኩ። ደምሰው በእውኑም የማውቀው ሰው ነው፤ በየሰዉ ስልክ ላይ የተገለበጠ ፊልምና ጨዋታ እየጫነ ይኖራል። በሕልሜ ግን ጋቢ ደርቦ እንደ ሙሽራ አባት ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ከፊቱ ሦስት የባሕር ማዶ ሽማግሌዎች በሙሉ ልብስና በከረባት ቆመዋል። የትልልቆቹ ጨዋታ ሠሪዎች አለቆች ናቸው።

"ሰላም ለዚህ ቤት" አሉ በዕድሜ የገፉት።

"እግዜር ይመስገን። አረፍ በሉ እንጂ" አለ ደምሰው።

"ጉዳያችን ሳይፈጸምልን አንቀመጥም። ከፈጣሪ በታች እናንተን ብለን ባሕር ተሻግረን መጥተናል። ልጃችንን ስረቁልን።"

ደምሰው ጺሙን አሻሸ። "ስንት ጊጋ ናት?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ሦስት።"

"ከበደች። የኛ ሰፈር ስልክ አይችላትም።"

"እናከሳታለን!" አሉ መካከለኛው።

"ኢንተርኔት ትጠይቃለች?"

ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ። "እንግዲህ ሽማግሌ ሆኖ መዋሸት ነውር ነው። ትጠይቃለች።"

"በየመሀሉ ማስታወቂያ እያለች ሰው ታስቸግራለች?"

"አልፎ አልፎ ነው፣ ጌታው። ይዛው የመጣችው አመል ነው፤ እዚህ ስትሰረቅ ትተወዋለች።"

"በሉ ከዘመድ ልማከርበት። ሌላ ቀን ብቅ በሉ" አለ ደምሰው። ሽማግሌዎቹ እጅ ነስተው ወጡ። አንዱ ደረጃው ላይ ሆነው "ባይሆን ኖሮ ቁርጡን ይነግረን ነበር" ሲሉ ሰማኋቸው።

እኔም ቀረብኩ። ጨዋታዬን በጥቁር ፌስታል ቋጥሬ ይዤዋለሁ።

"ደሜ፣ እኔም ልጅ አለችኝ። ቀላል ናት፣ ማስታወቂያ አታውቅም።"

"ሽማግሌዎችህስ?"

"የሚላክልኝ ሰው የለም። ብቻዬን ነው የመጣሁት።"

ደምሰው ከልቡ አዘነ። "ያለ ሽማግሌማ አልሰርቅህም፣ ወንድሜ። ሰው ምን ይለኛል?"

ወጣሁ። ኪስ አውላቂ ወደሚበዛበት አውቶቡስ ተራ ሄጄ ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ጀርባዬን ሰጠሁት። አላየሁም ለማለት እያፏጨሁ የፎቆቹን ጣራ ማየት ጀመርኩ። ትንሽ ራመድ ከማለቴ ከኋላዬ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ።

"ወንድም! ኧረ ወንድም! ዕቃ ጣልክ!"

አንድ ቀጭን ሰው እያለከለከ ፌስታሉን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።

"አንተ ሌባ አይደለህ እንዴ?" አልኩት።

"ነኝ።"

"ታዲያ ለምን አትወስደውም?"

"ከፍቼ አየሁት። ለሁለት ሰው ነው ይላል" አለና ዓይኑን ሰበረ። "እኔ የሚያጫውተኝ ሰው የለኝም።"

እኔም የለኝም ልለው አፌን ስከፍት ሰውዬው በግርግሩ መሀል ጠፍቷል። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። በሕልምም ቢሆን እንደዚያ ሆድ ብሶኝ አያውቅም።

ዞር ስል መርካቶ የለችም። የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ነኝ። በሬ ላይ አንድ ዘበኛ ረጅም ካፖርት ለብሰው፣ ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። ሳያቸው አወቅኋቸው፤ የሠራሁት ቁልፍ ናቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ታች ይጣራሉ።

"ግቡ! ኧረ ግቡ! በሩ ክፍት ነው! የሰረቃችሁም ግቡ!"

"አባባ፣ እርስዎ የተቀጠሩት ሊከለክሉ አልነበረም?"

"ማንን ልከልክል፣ ልጄ? እስኪ የመጣ ሰው አሳየኝ" አሉ። "ስንት ቤት ጠብቄያለሁ፤ እንዲህ ሰው ናፍቆኝ ግን አያውቅም።"

ይሄኔ አንዲት ሴት ከፍ ያለ ዘንቢል ይዛ ደረጃውን እየወጣች መጣች። "የሚሰረቅ ነገር አለ ብለውኝ ነው" አለች።

"አለ! አለ! ግቢ እናቴ!" ዘበኛው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉላት።

"ማን ልበል?" አልኳት።

"ትርሲት ነኝ። ከሥርህ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው።"

"እንዴት ሳላውቅሽ ቀረሁ?"

"በርህ ዝግ ነዋ።"

ፌስታሉን ከእጄ መንጭቃ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው። ሰረቀችኝ። አመሰግናለሁ አልኳት። ትሮጣለች ስል ጎንበስ ብላ በኖራ ስባሪ ኮሪደሩ ላይ ሰኞ ማክሰኞ አሰመረች። ዘበኛው ጫማዋን ያዙላት።

"ማን ይጀምር?" አለች።

"አንቺ። እኔ እጠብቃለሁ።"

ጠጠሩን ሳም አድርጋ ክንዷን አነሳች። እኔ ተራዬን እየጠበቅኩ እንባዬ ይወርዳል። ደስ ብሎኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ጠጠሩ ከእጇ ሲወጣ ነቃሁ።

ነግቷል። ስልኬ ጨዋታውን እንደከፈትኩት አጠገቤ በርቷል። እኔ ተኝቼ ሳለ አንድ ተጋጣሚ ገብቶ ነበር። የመጀመሪያውን ጠጠር ሰኞ ላይ ጥሎ ተራዬን ሲጠብቅ ቆይቶ፣ "አለህ?" ብሎ ጽፏል። ቆይቶ ደግሞ "ኧረ የሚጫወት ሰው አለ?" ብሏል። ከሥሩ እኔው የጻፍኩት ቃል በቀይ ወጥቷል፦

"የተሰረቀ ቅጂ ነው። ተጋጣሚዎ ለዘለዓለም ታግዷል።"