በርበሬ ያደረቀው ማሽን

[ፒያሳ፣ የእትዬ እንቁ ቤት። ውጭ የነሐሴ ዝናብ ይወርዳል። ተከራያቸው ሉልሰገድ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ በሚያጓራው ማሽኑ ላይ የተሰጣው በርበሬ ላይ አፍጥጧል።]

ሉልሰገድ፦ ያንሱት ብያለሁ እኮ እትዬ! ክሪፕቶ ማሽን ላይ በርበሬ ይሰጣል?

እንቁ፦ በጨለማ ጥቁር መነጽር አድርገህ እንዴት ታየህ?

ሉልሰገድ፦ ሸተተኝ!

እንቁ፦ ምን ላድርግ ልጄ፣ ፀሐይ ከጠፋች ሰነበተች። ያንተ ማሽን ደግሞ ይሞቃል።

ሉልሰገድ፦ የሚሞቀው ገንዘብ እያወጣ ነው!

እንቁ፦ [ጎንበስ ብለው ከሥሩ እያዩ] በየት በኩል?

ሉልሰገድ፦ አይታይም! የማይዳሰስ ገንዘብ ነው።

እንቁ፦ [አማትበው] ታዲያ ማውጣቱን በምን አወቅህ?

ሉልሰገድ፦ ኢንተርኔት ላይ ነዋ! ለመሆኑ እኔ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ?

እንቁ፦ እንዴት አላውቅም! ራስ መኮንን ድልድይ የሞባይል ሽፋን ስትሸጥ አውቅሃለሁ። ከዚያ አዳራሽ ተከራይተህ «እንዴት ሚሊየነር ሆንኩ» እያልክ ሰው አሠለጠንክ። የምትሆነው ግን ገና ነው፣ አይደል?

ሉልሰገድ፦ ዛሬ ነው! የሃብተ ጊዮርጊስ ድልድዩ ነጋዴ አቶ ገነነ ማሽኑን ሊያዩ ይመጣሉ። ኮይኔን ከገዙ አለፈልኝ። ካልገዙ ማሽኑን ሸጬ ወደ ሽፋኔ መመለሴ ነው። ስለዚህ በርበሬዎን ያንሱልኝ!

እንቁ፦ አቶ ገነነማ መጥተው ሄዱ። አንተ ማኪያቶ ልትጠጣ እንደወጣህ።

ሉልሰገድ፦ [ክው ብሎ] በርበሬውን አዩት?

እንቁ፦ አዩት እንጂ! አንዷን ሰበር አድርገው አሸተቷት።

ሉልሰገድ፦ ጉድ ሆንኩ! ማሽኑንስ?

እንቁ፦ ዳበሱት። «ሌት ተቀን ይሠራል?» አሉኝ። «መብራት ካልጠፋ ይሠራል፣ የመብራቱንም ሉልሰገድ ነው የሚከፍለው» አልኳቸው። በጣም ተደነቁ። ቀብድ ሰጥተው ሄዱ።

ሉልሰገድ፦ [ዘሎ እያቀፋቸው] ቀብድ! አላልኩም? ራእዬ ገባቸው! ስንት ኮይን ፈለጉ?

እንቁ፦ እሱን እንኳ አላነሱም። መጋዘናቸው ዝናብ ገብቶበት በርበሬያቸው ረጥቧል። ቀብዱ ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስላቸው እዚህ እንድናደርቅላቸው ነው።

ሉልሰገድ፦ [ዘጭ ብሎ ተቀምጦ] በእኔ ማሽን?

እንቁ፦ ማሽኑ ያንተ፣ ቤቱ የኔ፤ እኩል እንካፈላለን። ተመስገን በል! ፀሐይ ብትጠፋ ሙቀቱን በአንተ በኩል ላከልን።

ሉልሰገድ፦ [አንዷን በርበሬ አንስቶ እያገላበጠ] ታዲያ... የኔ ሥራ ምንድን ነው?

እንቁ፦ ማገላበጥ። [መነጽሩን ሊያወልቅ ሲል እጁን ይዘው] ኧረ እንዳታወልቀው! እስከ ዛሬ ለምን እንደምታደርገው አልገባኝም ነበር፤ በርበሬ ስታገላብጥ ግን ዓይንህን ያድንልሃል።