አንድም ጠብታ ያልፈሰሰበት ሥልጠና

ጥበብ በየት በኩል እንደምትመጣ አይታወቅምና፣ ለጎሮ ሰው በዋይፋይ መጣችለት። በሰፈሩ ያለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ተቋም የቧንቧ ሥራ ትምህርቱን ገለበጠው። ድሮ አሠልጣኙ ክፍል ውስጥ ያስተምራል፣ ሠልጣኙ ቤቱ ሄዶ ይለማመዳል። አሁን ትምህርቱ በቪዲዮ ቤት ድረስ ይሄዳል፤ ሠልጣኙ ወደ ተቋሙ የሚመጣው ለተግባር ብቻ ነው። ዲኑ አቶ ገብረትንሣኤ በመክፈቻ ንግግራቸው፣ ዓለም ገና ለመገልበጥ እያሰበች እኛ ተገልብጠን መገኘታችን ታላቅ ኩራት መሆኑን አስገነዘቡ። ጭብጨባው ደመቀ።

ከሁሉም አብልጣ ያጨበጨበችው ደሪቱ ናት። በለሚ ኩራ ግንባታዎች አሸዋ በባሬላ ስትሸከም ኖራለች። ከባሬላው የሚገላግላት ይህ የምስክር ወረቀት ነው። በምርቃቱ ዕለት ጉዲና የሚባል የአንድ ፎቅ ፎርማን መጥቶ ሠራተኛ እንደሚመርጥም ሰምታለች። ስለዚህ ምሳዋን ለዳታ እየሰዋች ቪዲዮዎቹን ደጋገመቻቸው። ከመደጋገሟ የተነሣ እናቷ ወይዘሮ ጋዲሴ ሳይቀሩ ወጥ እያማሰሉ «የመጋጠሚያውን ቴፍሎን አጥብቃችሁ ጠምጥሙ» ይሉ ጀመር።

የተግባሩም ጊዜ ደረሰ። ሠልጣኞቹ በአዳራሹ ግድግዳ ዙሪያ ቧንቧ ዘረጉ። በሰፈሩ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ተቋሙ ግን ከፍታ ላይ ስለሆነ በፈረቃውም አይደርሰው። ይህ አንዳንድ ጠርጣሮችን ቅር ሊያሰኝ ይችል ይሆናል። ደሪቱ አንድ ቀን አሠልጣኙን ሊባኖስን ጠየቀችው።

«ቲቸር፣ እንደማያፈስ በምን እናውቃለን?»

ሊባኖስ መጋጠሚያውን በጣቱ ዳሰሰ። «ንኪው እስቲ። ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ?»

ምንም አልቀራትም። የተቋሙ ሪፖርትም ይህንኑ መሰከረ፦ በድሮው ዘዴ ውሃ በነበረበት ዘመን አልፎ አልፎ ይንጠባጠብ የነበረው ቧንቧ፣ በአዲሱ ዘዴ አንድም ጠብታ አላፈሰሰም። ውጤቱ መቶ በመቶ ነው።

በምርቃቱ ዕለት አንድ ትልቅ እንግዳ ስለሚገኙ፣ አሳቢ ሰዎች ለክብራቸው ሲሉ ውሃው ወደ ተቋሙ በሙሉ ኃይሉ እንዲለቀቅ አደረጉ። አቶ ገብረትንሣኤ መድረክ ላይ ቆመው «አንዲት ጠብታ እንኳ» ብለው ሳይጨርሱ ግድግዳው ንግግሩን ተቀበላቸው። በስተቀኝ ፈነዳ፣ በስተግራ አጀበው። ክቡር እንግዳው ከነከረባታቸው በሰበሱ።

ደሪቱ የገጠመችውን መጋጠሚያ በሁለት እጇ አቀፈችው። ውሃው በብብቷ ሥር ይወጣ ነበር።

«ዋናው መዝጊያ የት ነው?» አለች ጓደኛዋን ቢሩክን።

ቢሩክ ስልኩን በጋዋኑ ከልሎ ቪዲዮውን እየፈለገ ነበር። «አግኝቼዋለሁ፣ ትንሽ ታገሺ» አላት። «ማስታወቂያው አላለቀም።»

ማስታወቂያው ሳያልቅ አዳራሹ ባዶ ሆነ። ኮሚቴ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ተቋቋመ። በጥልቀት መርምሮም ሥልጠናው ምንም እንከን እንደሌለበት፣ ጥፋተኛው ከፕሮግራም ውጭ የመጣው ውሃ መሆኑን አረጋገጠ። ለወደፊቱ በተቋሙ ዝግጅት ላይ ውሃ እንዳይገኝ በጥብቅ አሳሰበ። ሁሉም ሠልጣኝ የምስክር ወረቀቱን ተቀበለ።

ደሪቱ ግን የጋዋኗን እጅጌ እየጨመቀች፣ ጉዲና እንዳያያት ከሰው ኋላ ቆመች። ባሬላው እጇ ላይ ተመልሶ የገባ መሰላት። ጉዲና በሰው መሃል እየሰነጠቀ መጣ።

«ቧንቧውን ያቀፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች አንገቷን ደፍታ። «እንዳዩት ነው።»

«ሰኞ ሥራ ግቢ።»

ቀና አለች። ባለፈው ነገር የሚያሾፍባት መሰላት፤ ፊቱ ላይ ግን ሳቅ አልነበረም። ዝም ብላ እንጀራዋን መቀበል ስትችል፣ ኅሊናዋ አስቸገራት።

«ጋሼ፣ ሲያፈስ አይተውታል እኮ።»

«የኛ ፎቅ ውሃ ገና አልገባለትም።»

«ሲገባስ?»

ጉዲና የሰኞውን አድራሻ ነግሯት ሲያበቃ፣ እንደ ቀላል ነገር መለሰላት። «ያኔማ ተሸጦ አልቋል።»